ከማዶ የቀረው ቁልፍ ድንጋይ

የሳርዳምን መንግሥት ከምድረ በዳው የሚለየው የዘራን ወንዝ አንድ ማለዳ ድምፁ ጠፋ። ውሃው ይወርዳል፣ ገደሉን ይመታል፤ ግን አይሰማም። ሽማግሎች እርስ በርስ ተያዩ። «ዘራን ዝም ባለ በሰባተኛው ቀን ጎርማ ይመጣል» የሚለውን ትንቢት ያውቁታልና።

ጎርማ፣ ልጆቼ፣ ድንጋይ የሚያኝክ አውሬ ነው። ቁመቱ ጎተራ ያህላል፤ ቆዳው ባልጩት ነው፤ ጦር አይበሳውም። ውሃ ግን ይፈራል። ደግሞ መሪው በረገጠበት መንጋው ሁሉ ይረግጣል እንጂ ግራ ቀኝ አያውቅም። ወደ ሳርዳም የሚያሻግረው አንድ ድልድይ ብቻ ነበር፤ ግንበኛው ደርብ የሠራው፣ ባለ አምስት ቅስቱ።

ያን ድልድይ የሚጥለው አንድ ቁልፍ ድንጋይ ነው፤ ቦታውን ከደርብ ዘር በቀር ማንም አያውቅም። ደርብ ያኖረው ከማዶ በኩል ነበር። ለምን ቢሉት፣ ያፈረሰ ሰው ወደ ቤቱ እንዳይመለስ፣ አለዚያ በየቁጣው ያፈርሱታል ብሎ መለሰ ይባላል።

ንጉሡ በአባቷ በኩል የደርብ የልጅ ልጅ የሆነችውን ትንግርትን አስጠራ። ሃያ ዓመት አልሞላትም፤ እጇ ግን በመዶሻ ሻክሯል። ንጉሡ ከዙፋኑ ተነሥቶ፣ «ልጄ፣ አላዝሽም፤ እለምንሻለሁ» አላት።

«አያቴ የሠራውን በአያቴ መዶሻ አፈርሳለሁ። ይህን ባላደርግ ዘራን ይፍረድብኝ» ብላ ማለች።

የእናቷ ወንድም ጓንጉል አብሯት ወጣ። አንድ ጉልበቱ የማይታጠፍ አሮጌ ጦረኛ ነው። በመንገዳቸው ያለውን የጨው ሜዳም የነፋስ በር የሚባለውን ሸለቆም ሲያልፉ በግንበኞች ላይ እየቀለደ ነበር፤ «እኔ ድንጋይ የማነሣው ውሻ ለማባረር ብቻ ነው» ይል ነበር። በልቡ ግን አንድ ነገር ቆርጧል። በአራተኛው ቀን ነገራት።

«ድንጋዩን አሳይተሽኝ ተመለሺ። እኔ ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ። ማዶ ብቀር የምትናፍቀኝ በቅሎዬ ናት፤ እሷም እፎይ ትላለች።»

«እሺ ጋሼ» አለች። ቶሎ እሺ ማለቷን ልብ አላለም።

በሰባተኛው ቀን ደርሰው፣ በቅሎዋን ከወዲህ አስረው ወደ ማዶ ተሻገሩ። የምድረ በዳው ሰው ከብቱን እየነዳ፣ ልጁን አዝሎ ወደ ሳርዳም ይጎርፋል። ከኋላው የጎርማ መንጋ አቧራ ሰማይ ነክቷል። ሁሉም ሲያልፍ አንዲት ዓይነ ስውር አሮጊት ድልድዩ አፍ ላይ ተቀምጠው ቀሩ።

«ጋሼ፣ እኚህን እናት አሻግረው ይመለሱ። ያኔ አሳይዎታለሁ።»

አዘላቸው። ሦስተኛው ቅስት ላይ ሲደርስ መዶሻ ሰማ። አሮጊቷ፣ «ማነው የሚያንኳኳው ልጄ?» አሉት። ጓንጉል ያን ጊዜ ገባው። ዞረ። አውሬዎቹ የድልድዩን አፍ ረግጠዋል፤ ትንግርት ከሥራቸው፣ ከማዶው ቅስት እግር ናት። ጦሩን ይዞ ሊመለስ ፈለገ፤ በጀርባው ያሉት ግን የሰው እናት ናቸው። ያን የማይታጠፍ ጉልበቱን እየጎተተ ወደፊት ሄደ።

እግሩ የሳርዳምን አፈር ሲነካ መዶሻው አንድ ጊዜ ጮኸ፤ ዝም አለ። አምስቱ ቅስቶች ከማዶ ጀምረው ተራ በተራ ተንበረከኩ። መሪው ጎርማ ወደ ገደሉ ወረደ። የቀረው መንጋም መሪው በሄደበት ሄደ፤ አንድ አልቀረም።

አቧራው ሲገለጥ ትንግርት ማዶ ቆማ ታየች፤ ጣት ታህላለች። አፏ ይንቀሳቀሳል። ጓንጉል ጆሮውን አቀና። ነገር ግን የዘራን ድምፅ ተመልሶ ነበር፤ ያን ቀን እንደ ቀድሞው ያገሳ ጀመር። ምን እንዳለችው እስኪሞት አላወቀም።

ገመድ ተወረወረ፣ ታንኳ ተሞከረ፤ ገደሉ እምቢ አለ። በሦስተኛው ቀን ጓንጉል በቅሎውን ሲጭን ማዶ አየ። ትንግርት ከፍርስራሹ አንድ ድንጋይ አንከባልላ፣ ጠርባ፣ በቀረው የድልድዩ ጉቶ ላይ አኖረች። ጭነቱን አወረደ። ከወዲህ በኩል አንድ ድንጋይ በሁለት እጁ አነሣ።

ዛሬ ወደ ዘራን የሚወርድ ሰው ከሁለቱም ዳር የተጀመረ ግንብ ያያል። የማዶው ቀጥ ያለ፣ ቱምቢ የወደቀለት ነው። የወዲህኛው፣ የጓንጉል እጅ ያኖረው፣ ጠማማ ነው። የሳርዳም ግንበኞች አፍርሳችሁ አቃኑት ሲባሉ መዶሻቸውን መሬት አስቀምጠው ሄዱ።