ገበሩ ውስጥ የቋጠርኩት

እኔ የቋጠርኩትን ክር ጥርስም አይፈታው! ጉራ ለመንዛት አይደለም ይህን የምለው። ደህና፣ ትንሽ ጉራም አለበት። ትምህርቱን ከአምስተኛ ክፍል ተሰናብቼዋለሁ፤ ክር በመቋጠር ግን አክስቴን ራሷን እበልጣታለሁ።

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። ክረምቱ ሊገባ ሲል ግን ሰው ልብሱን ትቶ ክር ፍለጋ ይመጣል። ቀይ ክር፣ ሰባት ቋጠሮ። ለበር ከመብረቅ፣ ለሕፃን ከሰው ዓይን። እሷ ታንሾካሹክበታለች፣ እኔ እቋጥራለሁ። ሕጓ ሁለት ነው፤ የክረምት ቋጠሮ የክረምቱ ዝናብ ጨርሶ ሳያባራ አይፈታም፣ ሰው ደግሞ ሳያውቅ አይታሰርም።

«በር እሰሪ፣ ግንድ እሰሪ፤ ሰው ግን ጠይቀሽ ነው» ትለኛለች።

ሁለተኛውን ሕግ በአንድ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው አፈሰስኩት።

የወደድኩትን ልጅ ያወቅኩት ከታች ወደ ላይ ነው። ጣራችን ስለሚያፈስ አክስቴ ቆርቆሮ ጠጋኝ አስመጣች። ከመሬት ይልቅ ጣራ ላይ ስለሚውል ሰፈሩ ሁሉ «ጣራው» ነበር የሚለው። ቁጭ ብዬ የሸሚዝ ቁልፍ ስተክል፣ በምስማር ቀዳዳ በኩል አንድ ዓይን ሲያየኝ ያዝኩት።

«አንተ! ቀዳዳ ልትደፍን ነው የመጣኸው ወይስ ሰው ልታይ?»

«ሳያዩ እንዴት ይደፈናል?»

«ካየህ ድፈነዋ!»

«ይቺኛዋ ለመጨረሻ ትቆየኝ» አለ፤ ዓይኑ ግን ንቅንቅ አላለም።

ሲወርድ ውሃ ሰጠሁት። ጠጥቶ ጨረሰ፤ ባዶውን ብርጭቆ ይዞ ቆመ። እኔም ዝም ብዬ ቆምኩ። የእኔ ዝም ማለት ምን ያህል ጉድ እንደሆነ አክስቴን ጠይቁ።

በሦስተኛው ቀን ገበሩ የተቀደደ ጃኬት ይዞ መጣ። አክስቴ ወደ እኔ ወረወረችው። ከዚያ ምን አደረግኩ? ከቀዩ ክር በጠስኩ፣ ከፀጉሬ ነቅዬ አብሬ ገመድኩ፣ በየቋጠሮው «ወደ እኔ፣ ወደ እኔ» እያልኩ ሰባቴ ቋጠርኩ። ከአንገትጌው ሥር፣ ገበሩ ውስጥ ሰፋሁበት። ሲመጣም፣ «በቃ፣ ሰፍቼዋለሁ» ብዬ ሰጠሁት።

ከዚያ ወዲያ ጣራችን በየሁለት ቀኑ ይፈተሽ ጀመር። ይመጣል፣ መሰላሉን ያቆማል፣ አይወጣም። በሩ ላይ ጎን ለጎን ቆመን ዝናቡን እናያለን። አንድ ቀን እጄን ያዘኝ። መዳፉ እንደ ሞረድ ይሻክራል፤ እኔ ግን እንደዚያ የለሰለሰ ነገር ነክቼ አላውቅም። በልቤ «ጎበዝ ክሬ!» እላለሁ። ምስጋናውን ሁሉ ለክሩ ሰጠሁት። ለእሱ ምንም አላስቀረሁለትም።

ዝናቡ በጠናበት ሰሞን፣ ከሰዓት በኋላ መጣና ጉሮሮውን ጠራረገ።

«እሁድ እናቴን ይዤ እመጣለሁ። አክስትሽን ያነጋግሩልኛል።»

ደስ ሲለኝ አፌ በር የለውም።

«እንዴት አትመጣ! ሰባት ቋጠሮ ተሸክመህ እየዞርክ!»

«የምን ቋጠሮ?»

አንገትጌውን ገልብጬ፣ ስፌቱን ተርትሬ አሳየሁት። ሽልማት እንደማሳይ ነበር የሆንኩት። ይስቃል ብዬ ቀና አልኩ። አልሳቀም።

«መቼ ነው ያደረግሽው?»

«ጃኬቱን ያመጣህ ጊዜ ነዋ፣ ገበሩ ተቀዶ።»

«ገበሩን በምላጭ የቀደድኩት እኔ ነኝ። መምጫ ምክንያት አጥቼ።»

ዘለልኩ። «እንግዲያማ ከክሩ በፊት ነው የወደድከኝ!»

ክሩን በጣቱ ዳሰሰው።

«በመጀመሪያው ቀን የሰጠሽኝ ውሃስ?» አለ ቀስ ብሎ።

«ውሃ ነዋ! ሙት ስልህ፣ ውሃ ብቻ ነው!»

«ጃኬቱንም ሰፍቼዋለሁ ብቻ ነው ያልሽኝ።»

ክሩን ሊበጥሰው ሲል እጁን ያዝኩት።

«ተው! ዝናቡ ሳያባራ አይፈታም፣ ክፉ ያመጣል!»

ጃኬቱን አውልቆ ጭኔ ላይ አስቀመጠና በሸሚዙ ብቻ ዝናቡ ውስጥ ሄደ። እሁድ ማንም አልመጣም።

የልጁና የእናቱ ቤት ከእኛ ሁለት መንገድ አልፎ ነው።

«ተነሽ፣ ሂጂ» ትለኛለች አክስቴ።

«ቋጠሮው ሳይፈታ በምን ፊቴ?»

«ፊትሽን ይዘሽ!»

አልሄድኩም። ጃኬቱን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ጧት ጧት ሰማይ አንጋጥጣለሁ። ስቀመጥም ስነሳም የምሰማው ያንን «ውሃስ?» ያለበትን ድምፅ ነው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ክረምቱ አልፎ ዝናቡ ጨርሶ ያባራ ዕለት ክሩን አወጣሁት። መርፌ አዘጋጅቼ ነበር፤ አላስፈለገኝም። የመጀመሪያውን ገና ስነካው ተፈታ። ሰባቱም እንደዚያው። በላብና በዝናብ ለካ ድሮ ላልቶ ኖሯል።

ጃኬቱን ተኩሼ እየሮጥኩ ሄድኩ። የከፈቱልኝ እናቱ ናቸው።

«እማማ፣ ልጅዎ አለ? ጃኬቱን አምጥቼለት ነው። ክሩንም ፈትቼዋለሁ፣ ይኸው ይዩት!»

ክሩን አላዩትም። እኔን ነው ያዩት።

«ሄዷል፣ ልጄ። ሩቅ አገር ትልቅ መጋዘን የሚሠሩ ሰዎች ወሰዱት። አራተኛ ቀኑ ነው።»

«መቼ ይመለሳል?»

«እዚያው ሊኖር ነው።» ጃኬቱን ከእጄ ተቀበሉኝ። «አንድ ወር ሙሉ በር በተንኳኳ ቁጥር ቀድሞኝ ይነሳ ነበር።»

«እኔ እኮ . . . ዝናቡ እስኪያባራ ነው የጠበቅኩት። ሕጉ እኮ ነው፣ እማማ . . .»

«ይቅርታ ለማለትም ዝናብ እስኪያባራ ይጠበቃል እንዴ?»