ከካቡ የወጣው ድንጋይ

ያለ ጭቃ፣ ያለ ሲሚንቶ፣ ይሄ ካብ በምን ቆመ?

ኤልሳዕ መልሱን አላወቀም። እጁ ግን የመጀመሪያውን ድንጋይ ይዟል። ከኋላው እስከ ጋሪው ድረስ የአጎቱ የዳና ጎረቤቶች ሊቀባበሉ ተሰልፈዋል። ደቦው ለእናቱ ቤት ነው። እሱ ከእንግሊዝ አገር ቀድሟት መጣ፤ እሷም ቤቱ ሲያልቅ ጠቅልላ ትመለሳለች። ከሻንቶ ከተማ በላይ፣ በመሬታቸው ዳር የተዘረጋውን ይህን አሮጌ ካብ ዳና «ባለቤት የሌለው ድንጋይ» ይለዋል። ለመሠረት ሊያፈርሰው ነው።

«አንተ ፈረንጅ፣ ድንጋዩን ልታገባው ነው?» አለች ቀጥላው የቆመችው የዳና ልጅ ትርፌ። ሰልፈኛው ሳቀ።

ኤልሳዕ ድንጋዩን ስቦ አወጣው። ከላይ ያለው ድንጋይ ትንሽ ወረደና ቆመ። በክፍተቱ ውስጥ ስስ ጠጠሮች በትልልቆቹ መሃል ተሰክተዋል። ማንም በማያየው ቦታ እንኳ እየተመረጡ የገቡ ናቸው።

እዚያ እንግሊዝ የተማረበት ትምህርት ቤት ከአንድ የጥንት ባላባት ግቢ ጋር ይዋሰን ነበር። አጥሩ ታቹ ድንጋይ፣ ላዩ ቀይ ጡብ ነው። ተማሪ እንዳይደገፈው እንኳ ይከለከላል። ኤልሳዕ በየቀኑ እያደነቀው ያልፍ ነበር፤ የራሱ አገር እንዲህ ያለ ነገር ይኖረዋል ብሎ ግን አስቦ አያውቅም።

«ጋሼ፣ ይሄን ማን ካበው?» ሲል ዳናን ጠየቀው።

«የድሮ ሰዎች።»

«የእኛ?»

«ታዲያ የማን? አቀብል እንጂ፣ ሰው ቆሟል።»

ደቦ ጠርቶ ሰው ማስቆም ነውር ነው። ያም ሆኖ ኤልሳዕ ዞሮ ድንጋዩን ወደ ቦታው ገፋው። አልገባም። አገላበጠው፤ አሁንም እምቢ አለ።

«ሰፊውን ጎን ወደ ውስጥ አድርገው» አለች ትርፌ መጠበቅ ሰልችቷት። መጥታም የላይኛውን በትከሻዋ ደገፈችለት። ድንጋዩ ገብቶ ጥብቅ አለ። ኤልሳዕ ቢነቀንቀውም አልተንቀሳቀሰም።

ዳና ሰዎቹን ወደ መሠረቱ ቁፋሮ ላካቸው።

«እናትህ ስንት ዓመት የጠበቀችው ቤት ነው» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እንግዲህ ለምን እንደሚዘገይ አንተው ንገራት።»

ኤልሳዕ ካቡን ፎቶ አንስቶ ላከላት። ከሥሩ ጻፈ፦ «እማ፣ ሌላ ድንጋይ እንፈልጋለን። ይሄኛው ሥራ ላይ ነው።»

እንዳየችው የሚያሳየው ምልክት ወዲያው መጣ። መልስ ግን በዚያም ቀን፣ ከዚያም በኋላ አልመጣም።