ማርዛ የመለሰቻቸው ሕፃናት

በአርዛን መንግሥት ደቡብ በር የቆመው የመሐላ ድንጋይ፣ ንጉሥ ደርባክ በነገሠ በሰባተኛው ዓመት አንድ ማለዳ ደም አላበው። የመጀመሪያይቱ ንግሥት በድንጋዩ ላይ «ያለ ወላጅ ወደዚህ በር የመጣ ሕፃን ቃሉ ሳይሰማ አይመለስ» ብላ አስቀርጻ ነበር። ካህናቱ ቸነፈር ሊመጣ ነው አሉ፤ የጦር አለቆቹ ጠላት ነው አሉ። ምክንያቱን ግን የበሩ ጠባቂ ማርዛ ታውቅ ነበር።

ከአንድ ቀን በፊት፣ በእሳት ከጠፋችው ከኩሻር ምድር ሦስት ልጆች ብቻቸውን መጥተው ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ቢሆናት ነው ታላቂቱ፤ ትንሹን ወንድሟን አዝላ፣ እህቷን በእጇ ይዛ፣ ተንበርክካ ብዙ ተናገረች። ሽማግሌው ተርጓሚ ሸንጎር «እናታችን…» ብሎ ሲጀምር ማርዛ አቋረጠችው።

«በሩ ለማንም እንዳይከፈት በንጉሡ ታዟል። ምን እንዳሉ ማወቅ አያስፈልገኝም።»

ሸንጎር ለእንጀራው ሰግቶ የቀረውን ሳይተረጉም ተወው። እሷም ልጆቹን በጦሯ ዘንግ እየገፋች ወደ መጡበት፣ ቢጫ ጢስ ወደሚጤስበት የዲን ሜዳ መለሰቻቸው። ሃያ ዓመቷ ነበር፤ አለቃዋ ሲያመሰግናት ደስ ብሏት ነበር።

ደሙን ባየች ጊዜ በንጉሡ ፊት ወደቀች። «ጃንሆይ፣ ይህ ደም የእኔ ነውር ነው። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅሁም። ልጆቹን ፈልጌ ሳላመጣ የዚህችን አገር ውሃ ብጠጣ መርዝ ይሁነኝ!»

ንጉሡ ፊቱን አዞረ። «ድንጋዩን እጠቡት» ብቻ አለ።

ሸንጎር ከበሩ ውጭ ጠበቃት። «ልጄ፣ እኔም አለሁበት። ቃላቸውን የዋጥሁት እኔ ነኝ።»

በቢጫው ጢስ ውስጥ ሁለት ቀን ተጓዙ። በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ልጆቹን በአንድ የዓለት ስንጥቅ ውስጥ ተሸሽገው አገኟቸው፤ ከፊታቸው ጋርማት ተጋድሞ ነበር። ጋርማት እሳት የሚተነፍስ፣ ከኩሻር ቋንቋ በቀር ሌላ የማይሰማ ጥንታዊ አውሬ ነው። የሚያጫውተው እስካለ ድረስ ማንንም አይነካም፤ ወሬው ሲያልቅ ግን ተናጋሪውን ይውጣል።

«እኔ ላናግረው» አለ ሸንጎር።

«አባባ፣ መቅረት ያለብኝ እኔ ነኝ!»

«አንቺ በምን ቋንቋ ታናግሪዋለሽ?» ግንባሯን እትፍ እትፍ ብሎ መረቃት። «የተርጓሚ ጸጋ፣ ባለቤቱ ሲሞት እሱ ወደ መረቀው ሰው ይሻገራል። ያኔ ትሰሚያቸዋለሽ።»

ልጆቹን በቋንቋቸው አባብሎ ከእሷ ጋር ላካቸውና ወደ አውሬው ሄዶ ተቀመጠ። የሚያወራው ድምፅ ረጅም መንገድ ተከተላቸው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ትንሹ ልጅ እጁን ወደ ማርዛ ዘረጋ። ታላቂቱ እንደ ወትሮው በማይገባ ቋንቋ ስትቆጣው፣ ቃሏ ድንገት ለማርዛ ግልጽ ሆነላት፦ «እጇን አትያዝ። የገፋችን እሷ ናት።»

ማርዛ ባለችበት ቆመች። ሸንጎር መሞቱን ያወቀችው እንዲህ ነው።

በሩ ሲደርሱ ንጉሡ ራሱ ከዳኞቹ ጋር ቆሞ አገኙት፤ ድንጋዩ ቢታጠብ ቢታጠብ ደሙ እየወረደ የከተማውን ምንጭ አቅልቶት ነበር። «ይሰሙ» አለ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ።

«ስምሽ ማን ነው?» አለች ማርዛ።

«ኢሊት።»

ኢሊት ስለ እናቷና ስለ ቤታቸው ቃጠሎ ተናገረች፤ ማርዛ አንድም ሳታስቀር ተረጎመች። ሊቀ ዳኛው በዚህ በር ምን እንደገጠማቸው ጠየቀ። ልጅቷ ጣቷን ቀሰረች።

ማርዛ የልጅቷን ቃል እንዳለ ተረጎመች። «‹ወንድሜን ከጀርባዬ አውርጄ አሳየኋት። ይህች ሴት በዘንግ ገፋችን› ትላለች።»

«የትኛዋ ሴት?»

«እኔ።»

ዳኞቹ የንጉሡን ትእዛዝ ሻሩ፤ በሩ ተከፈተ፤ የድንጋዩም ደም ቆመ፤ ሕዝቡ የማርዛን ስም እየጠራ እልል አለ። እሷ ግን ቀና ማለት አልቻለችም። ኢሊት ወንድሟን አዝላ ስታልፍ አጠገቧ ቆም አለች።

«ሽማግሌው መቼ ነው የሚመጣው?»

ማርዛ ተንበርክካ፣ በኩሻር ቋንቋ፣ እንደማይመጣ ነገረቻት።