በመስኮቱ ሥር ያለው አልጋ

«ሲስተር ጉያቱ፣ ዳባሶ አረፈ!»

ነርስ ዲቦራ እየሮጠች የመጣችው ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ ነበር። ጉያቱ በነገሌው ሆስፒታል የድንገተኛ ጉዳት ሕክምና አስተባባሪ ናት፤ አንድ ቁስለኛ ከበር እስከ ቀዶ ጥገና፣ ከአልጋ እስከ ሪፈር በማን እጅ እንዳለ የምታውቅ እሷ ናት። ከብት ነጋዴውን ዳባሶን ጠዋት የተቀበለችውም እሷው ነበረች። ከሜጋ ከተማ ሲመጣ የነበረ አይሱዙ ተገልብጦ አንዲት ሴት ሞታለች፤ የሱ ደግሞ ጎድኑ ተሰብሮ ደረቱ ውስጥ አየር ተጠራቅሞ ነበር። ቱቦ ገባለት፣ ተነፈሰ፣ ቀለደም። እንዲህ ያለ ሰው ዝም ብሎ አይሞትም።

ወደ አልጋው ሮጣ ብርድ ልብሱን ገለጠችው። የደረቱ ቱቦ በቀጭን ሽቦ ጥርቅም ተደርጎ ታስሯል፤ አየሩ መውጫ አጥቶ አፍኖታል። የሽቦው ጫፍ በፒንሳ ተጠምዟል።

ዳይሬክተሩ ዶክተር ዲሪባ ሲያዩት ፊታቸው ጠቆረ። «‹በአደጋው ሞተ› ብለሽ መዝገቡን ዝጊው። ያንቺ ሥራ አልጋና አምቡላንስ ማገናኘት እንጂ ምርመራ አይደለም።»

«ሥራዬ ቁስለኛ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ እንዳይጠፋ መጠበቅ ነው፣ ዶክተር። ይሄ ጠፍቶብኛል። በማን እጅ እንደጠፋ ሳላውቅ አልዘጋም።»

ፖሊስ አስጠራች። እስኪመጣ የሟቹን ሚስት ወንድም ጃታኒን ጠየቀችው። «በኤላው፣ በከብት ማጠጫው ጉድጓድ፣ በውኃ ተራ ተጣልታችኋል አሉ?»

«ተጣልተናል፤ ሙት ግን አላልኩትም!» ክንዱ ላይ ደም የሰጠበት ጥጥ ተለጥፏል።

የአይሱዙው ሹፌር ሀሺ ግቢው ውስጥ ተቀምጦ ነበር። «አካም፣ ጋሽ ሀሺ። ዳባሶን መቼ አዩት?»

«ጠዋት ድንገተኛ ክፍል ካደረስኩት ወዲህ አላየሁትም። አላህ ይዘንለት፤ መስኮት ሥር ተኝቶ ነፋስ ያገኛል ብዬ ነበር።»

ጉያቱ የዳባሶን ቅጽ ልታወጣ ገባች።

ፖሊሱ ሲደርስ ሁሉም ዳይሬክተሩ ቢሮ ተሰበሰቡ።

«ዳባሶ ጠዋት የተኛው በሩ አጠገብ ነው» አለች ጉያቱ። «ሞቀኝ ስላለ ስድስት ሰዓት ላይ እኔና ዲቦራ ወደ መስኮቱ ወሰድነው። ሰባት ሰዓት ላይ አዲስ ቁስለኞች ሲመጡ ዲቦራን ጠራኋት፤ ካጠገቤ አልተለየችም። ስትመለስ ሞቶ አገኘችው። ጋሽ ሀሺ፣ መስኮት ሥር መተኛቱን ማን ነገርዎት?»

«ጃታኒ ነው።»

«ጃታኒን ከስድስት ሰዓት በፊት ደም እንዲሰጥ የላክሁት እኔ ነኝ። የተመለሰው ሬሳው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ ነው፤ አልጋው መቀየሩን አያውቅም።»

ሀሺ የጃኬቱን ዚፕ ወደ ላይ ሳበ።

«ቅጻችን ‹ጉዳቱ እንዴት ደረሰ?› ይላል። እርስዎ ለፖሊስ ‹ግመል ገባብኝ› ብለዋል። ዳባሶ ግን ‹ግመል አልነበረም፤ ሹፌሩን እንቅልፍ ወስዶት ነው› ብሎ አስመዝግቧል። ያን ጊዜ ከጎኑ ቆመው ነበር።»

ፖሊሱ የሀሺን ጃኬት ፈተሸ። ፒንሳና የተረፈ ሽቦ ወጣ።

«ሴትዮዋ በኔ ምክንያት ሞተች ሊባል ነው . . .» ብሎ ሀሺ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ፖሊሱ ይዞት ወጣ።

ዶክተር ዲሪባ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ክፍሉ ያለ ጠባቂ መቅረቱን ሪፖርቱ ላይ ባናነሳው?»

«ይነሳል። ዲቦራን የጠራኋት እኔ መሆኔ ይነሳል። ሁለተኛ ነርስ ይመደብ ብዬ ሦስት ጊዜ ጽፌልዎት ዝም ማለትዎም ይነሳል።»

«ሥራሽን ታጪበታለሽ!»

«ልጣ» አለች። ወንበር ስባ እዚያው ጠረጴዛቸው ላይ ሪፖርቱን መጻፍ ጀመረች። ዲቦራ እንባዋን ጠርጋ በሩን ከውስጥ ዘጋችና አጠገቧ ቆመች።