የሰርዲኑ ባቡር ማደሪያ

«ጭራው ተንጠልጥሏል!» አለ ሶሬሳ።

እውነቱን ነው። ከሦስት የሰርዲን ቆርቆሮ ቀጣጥሎ የሠራው ባቡር፣ ማዞሪያ በተደረገው የትንሹ ድስት ክዳን ላይ ሲወጣ ግማሹ ውጭ ቀረ። ባቡር እንደ ባጃጅ እጥፍ ብሎ አይመለስም፤ ክብ ማዞሪያ ላይ ይቆማል፣ ያዞሩታል፣ ከዚያ ዙሪያውን እንደ ማራገቢያ ከተዘረጉት ክፍሎች ወደ አንዱ ገብቶ ያድራል። ጭራው የተንጠለጠለ ባቡር ግን መዞሩ ቀርቶ መውደቁ ነው።

«ለክቻለሁ ብለሽኝ ነበር እኮ፣ ዓሊያ!»

ለክታለች፤ የራሷን አጭር ባቡር! የሰውን ቁመት ሳይለኩ ለሰው ቤት መሥራት እንዲህ ያዋርዳል። ሰፊ ክዳን ቢደረግ ደግሞ ክፍሎቹ ወደ ኋላ መሸሻቸው ነው፤ ከኋላቸው ከክብሪት ቀፎ የሠራቻቸው የአቃቂ ሱቆች ተደርድረዋል። የአባቷም ሱቅ አለ፣ ጥፍር የምታክል ሚዛን ተሰቅላበት። ጠረጴዛ የሆነላቸው አሮጌ የሳንቃ በር ከዚያ ወዲያ ጣት ማሳረፊያ አይተርፈውም። የትምህርት ቤቱ ኤግዚቢሽን ደግሞ ነገ ነው።

«አንዱን ቆርቆሮ ቁረጠው» አለችው።

«አቦ ተይ! ባቡሬን ቆራጣ ልታደርጊው?»

«ታዲያ ሱቆቼን ላፍርሳቸው? ፋራ!»

ተኳረፉ። ኩርፊያ ግን ምሳ አያስቀርም፤ የዓሊያ እናት ሰኪና ሁለቱንም ከቤተሰቡ ጋር ትሪው ዙሪያ አስቀመጠቻቸው። ገና ቢስሚላህ ሲሉ አጎቷ ከሊል ከበሩ ጎንበስ ብሎ ገባ። እግሩ ከቃሊቲ ሳሪስ የሚደርስ ሰውዬ ነው፤ ቦታ ከየት ይምጣ? ሰኪና ማንም እንዳይነካባት ስትቆጣ የምትውለውን የፕላስቲክ አበባዋን ከነበርጩማው ብድግ አድርጋ ደጅ አወጣችው። ሁሉም ወደ ኋላ ሸሸ፣ ክቡ ሰፋ፣ ከሊልም እግሩን አጣጥፎ ተቀመጠ።

«ኧረ አበባሽን ዶሮ ይጫወትበታል» አላት።

«ይጫወትበት! ሰው በር ላይ አቁሞ የሚያምር አበባ የለም።»

ሶሬሳ ወደ ዓሊያ ዘንበል ብሎ «እግርህን ቆርጠህ ግባ አላለችውም እኮ» አላት በሹክሹክታ።

ልትቆጣ አፏን ስትከፍት ሳቋ ቀደማት፤ ትን አላት። ከሊል በዚያ ሰፊ መዳፉ ጀርባዋን ደለቀላት። ሳቋ ሲበርድላት ግን ዓይኗ አበባው ከነበረበት ጥግ አልነሳ አለ።

ምሳው እንዳበቃ «ኡሚ፣ የትልቁን ድስት ክዳን እኔ አጥበዋለሁ» አለች።

ሰኪና አፈጠጠችባት። «አንቺ? ዕቃ? ምን ሰብረሽብኝ ነው?»

ዓሊያ ክዳኑን አጥባ፣ ታቅፋ ወደ ሳንቃው ተመለሰች። ሱቆቹን በጣቷ ጫፍ እያነሳች ጫማ ካርቶን ውስጥ ደረደረች። የአባቷን ለመጨረሻ አስቀረችው፤ የሚዛኗን አቧራ እፍ ብላ፣ የመስኮቱ ደፍ ላይ ባቡሮቹን በሚያይበት በኩል አቆመችው።

«በል አምጣው ያንን ዘንዶህን» አለችው ሶሬሳን። «አሁን ከነጭራው ልለካው።»