የያስሚን ግራ እጅ

ያስሚን አስከሬን ክፍል ውስጥ የብረት ጠረጴዛ ላይ ተዘርግታለች። የተጠቀለለችበት ፕላስቲክ ዚፑ ተከፍቷል።

ነስሩ ከበሩ ውጭ ሆኖ ደግሞ ተናገረ።

«እህቴ ዙሀራ፣ ኮሮና ነው እኮ! እንዳለች ትቀበር። በወረርሽኝ የሞተ ሸሂድ ነው፣ ሳይታጠብም ይቀበራል፣ አብሽሪ።»

«የእናቴን ልጅ ሳላጥብ አልቀብርም» አለች ዙሀራ ከውስጥ።

ዙሀራ የእህቷን መርዶ ጄኔቭ፣ ቶኔ የሚባል ሰፈር ባለው ቤቷ ሰምታ በባቡር ዙሪክ ገባች። ያስሚን ረገንስዶርፍ አጠገብ ባለ የቲማቲም እርሻ ትሠራ ነበር። ነስሩ የሠራተኞቹ አለቃ ነው። አልጋዋ ላይ ሞታ አገኘኋት ያለውም እሱ ነው። አስም ስለነበረባት ሐኪሙ ብዙ አልመረመረም።

በድንገት የሞተች በመሆኗ አንዲት ፖሊስ መጥታ ኮሪደሩ ላይ ባሏን ፈሃድን ትጠይቃለች። ፈሃድ ካገር ቤት ከመጣ ገና ወራት ነው። ነስሩ ያስተረጉምለታል።

«የት ነበርክ?»

«ቪዲኮን ሰፈር፣ ጓደኛዬ ጋ። ተጣልተን ነበር።»

«በምን?»

«በሥራዋ። ደረትሽ እየታፈነ አትሂጂ አልኳት። እምቢ ብላ ሄደች።»

ነስሩ ወደ ጀርመንኛ ተረጎመ። ፖሊሷ ፈሃድን ትክ ብላ አየችው።

«መትተሃት ታውቃለህ?»

ውስጥ፣ ዙሀራ የፈሃድን ቃል በበሩ እየሰማች ከቀኝ እጅ ጀመረች። ውሃው አረንጓዴ ሆኖ ወረደ። ደግማ አፈሰሰች። አሁንም አረንጓዴ። ቲማቲም ሲገረዝ እጅ ላይ የሚቀረው እድፍ ነው። ያስሚን በስልክ ትስቅበት ነበር፤ «ፎጣዬ ሁሉ ሣር መሰለ» እያለች። የጣቶቿ አንጓ ተልጧል።

ዙሀራ ጓንቷን አውልቃ ወጣች።

«ነስሩ፣ ያስሚን ለመጨረሻ ጊዜ ሥራ የገባችው መቼ ነው?»

«ኧረ ወር አለፋት! ሬስቶራንት ተዘግቶ እርሻው ቆሟል። መንግሥት እቤት ቁጭ አድርጎ ይከፍለናል።»

ፈሃድ ዞረ። «ጋሼ፣ በየቀኑ በመኪናህ አይደል እንዴ የምትወስዳት?»

«ዝም በል አንተ! ሐዘን አናቱ ላይ ወጥቶበታል።»

ዙሀራ ጀርመንኛ ስለማታውቅ ፖሊሷን በፈረንሳይኛ ጠየቀቻት።

«ይህ ልጅ በምን ተጣላን አለዎት?»

ነስሩ ፈረንሳይኛ አያውቅም። ፖሊሷ ግን ትምህርት ቤት ተምራዋለች። እየተንተባተበች መለሰች።

«በቅናት።»

«በቅናት አላለም። በሥራ ነው ያለው። ይምጡ፣ እጇ ላይ ያለውን የሥራ እድፍ ይዩ።»

ፖሊሷ ገብታ አየች። ስትወጣ ነስሩን በጀርመንኛ አንድ ነገር ጠየቀችው። ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ጣቶቿ ተልጠዋል። የት ዘጋህባት?» አለች ዙሀራ።

«ወላሂ ዙሀራ...»

«የት?»

«ተቆጣጣሪ መጣ። ሰው ሥራ ላይ ካገኘ የመንግሥት ብር ይቆማል። ሌሎቹ በጓሮ ሮጡ። እሷ መሮጥ አትችልም። ማቀዝቀዣው ክፍል ዘጋሁባት። ለትንሽ ብዬ ነው! ሰውዬው ከእርሻው ባለቤት ጋር ቁጭ ብሎ አልሄድም አለ። ስከፍተው ሞታለች፤ በመኪናዬ ወስጄ አልጋዋ ላይ አስተኛኋት።»

«የምትስበው መድኃኒቷስ?»

«ጃኬቷ ኪስ። ጃኬቷ ውጭ ነበር።»

«አንተ ከዚህ ምን ታገኛለህ?»

«እቤት ናቸው ለተባሉት መንግሥት ከሚከፍለው፣ የእርሻው ባለቤት በሰው ቁጥር ያካፍለኛል።»

«አንኳኳች?»

«ሬዲዮ ከፈትኩ።»

ፈሃድ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። ዙሀራ ሁሉንም ለፖሊሷ ወደ ፈረንሳይኛ መለሰችው። አንድ ቃል አላስቀረችም።

ሌሎች ፖሊሶች መጥተው ነስሩን በካቴና ወሰዱት። ዙሀራ አዲስ ጓንት አጠለቀች። ፖሊሷ በሩ ላይ ቆመች።

«አዝናለሁ፣ አይቻልም። ለምርመራ ትሄዳለች። ከእንግዲህ ውሃ አይነካትም።»

«ሌላው ይቅር። ግራ እጇን ብቻ።»

«በተለይ እሱን» አለች ፖሊሷ፤ ዚፑንም ዘጋችው።