በረዶ ያላገደው በረራ

ለገሠ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ጆሃንስበርግ ውስጥ ሜይፌር ሰፈር ካለው ቢሮው ጀርባ በብረት ደረጃው ግርጌ ሞቶ ተገኘ። ፖሊሶቹ ደረጃውን አዩ፤ የተሰበረውን አንገት አዩ፤ «ተንሸራቶ ነው» ብለው ጽፈው ሄዱ። ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቱ የአለምወርቅ ወደ መርማሪዋ ኤርጎጌ ደወለች።

«አልተንሸራተተም» አለቻት። «መጥተሽ እዪልኝ።»

ኤርጎጌ አዲስ አበባ ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት በወንጀል ምርመራ የሠራች፣ ጆሃንስበርግ ከመጣች ወዲህ ደግሞ ለአንድ መድን ድርጅት አጠራጣሪ ሞቶችን የምታጣራ ሴት ናት። ሃምሳ ዓመቷን ደፍናለች፤ መቀመጥ ግን አይሆንላትም። ሰው ስታነጋግር እንኳ ትንጎራደዳለች።

የአለምወርቅ ከሆስፒታል የተሰጣትን ከረጢት አሳየቻት። ውስጡ የተሰበረ ጥቁር መነጽር አለ።

«ይህ የማንበቢያው ነው» አለች። «ፊቱ ላይ ነበር አሉኝ። የመሄጃው ቡናማው ነው፤ እሱ ጠረጴዛው ላይ ታጥፎ ተቀምጧል። በጥቁሩ ቁልቁል ካየ ያዞረዋል። አምና በሱ ወድቆ እጁ ተሰብሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ ደረጃ እንኳ ሳያወልቀው አይወርድም።»

ኤርጎጌ መስኮቱ ድረስ ሄዳ ተመለሰች። «ሊወርድ አልነበረማ። ቆሞ ሲያነብ ነበር። ከሬሳው አጠገብ ወረቀት ተገኘ?»

«ምንም አልተገኘም።»

ለገሠ በረራ ለዘገየባቸው ሰዎች የካሳ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ነበር፤ ሥራውን የሚሠራው ከሠረቀብርሃን ጋር በሽርክና ነው። መዘግየቱ በአየር ጠባይ ከሆነ ካሳ የለም፤ በአየር መንገዱ ጥፋት ከሆነ ግን አለ። በዚህ ሰሞን ያስጨነቀው የፌቨንና የአቢሶ ጉዳይ እንደነበር የአለምወርቅ ታውቃለች። ሁለቱም ጥር ላይ ሰሜን አውሮፓ ከምትገኝ ትንሽ የበረዶ ከተማ ሲመለሱ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ አሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀምጠዋል። መልሱን የሚከታተለው ሠረቀብርሃን ሲሆን «በረዶ ነው፤ ከልክለዋል» ብሎ ነግሯቸዋል።

ለቅሶ ቤት ግን ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ አቢሶ ነበር። ዓርብ ቀትር ላይ ቢሮው መጥቶ ሲጮህ ጎረቤት ሰምቶታል። ቅዳሜ ሊያስተዛዝን ሲመጣ አጠገቡ የነበሩት ተነሥተው ሌላ ወንበር ያዙ።

ኤርጎጌ እሑድ ዳቬይተን የሚባል ሰፈር፣ አቢሶ ሱቅ ድረስ ሄደች። አቢሶ ከብረት ፍርግርጉ ጀርባ ለደንበኛ ዳቦ እያቀበለ ነበር።

«ጮኼያለሁ እትዬ» አላት። «ያን ቀን ሚስቴ ብቻዋን ወለደች። እኔ በረዶ አገር ወንበር ላይ ተኝቻለሁ። ለገሠ ግን አልተቆጣኝም። አስቀምጦኝ ሻይ ሰጠኝና ‹እስከ ሰኞ ታገሠኝ› አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ወደ ጅምላ ሱቅ ሄድኩ። ስሊፑ ይኸው።»

ለገሠን ጎረቤት አሥር ሰዓት ላይ በሕይወት አይቶታል። ደረሰኙ አሥር ሰዓት ከሃያ ይላል፤ የጅምላ ሱቁ ያለው ከሜይፌር በታክሲ አንድ ሰዓት የሚያስኬድ ቦታ ነው። ኤርጎጌ አሁንም ቆማ አልቀረችም። በዚያው ፌቨን ወደምትሠራበት የፀጉር ቤት አለፈች።

«ዓርብ ከአሥር እስከ አሥራ አንድ የት ነበርሽ?»

«ቤት። ከእህቴ ጋር ቪዲዮ ኮል ላይ ነበርኩ። እዚያችው የበረዶ ከተማ ነው የምትኖረው፤ ጥር ላይም እሷን ልጠይቅ ሄጄ ነው።» ፌቨን የያዘችውን ማበጠሪያ አስቀመጠች። «የበጋ በዓላቸው ነበር። በአበባ ያጌጠ ግንድ አቁመው ዙሪያውን ይጨፍራሉ። ሥራ፣ ሱቅ፣ ሁሉ ዝግ ነው።»

«ካሳውን በጣም ትፈልጊዋለሽ?»

«ገንዘቡን አይደለም። እኔ እዚያ ስጠብቅ አባቴ እዚህ ሆስፒታል ሞተ። ለምን እንደቀረሁ በጽሑፍ እንዲነግሩኝ ነው።»

«እንግዲያው ነገ አንቺው ራስሽ ጻፊላቸው» አለች ኤርጎጌ።

ሠረቀብርሃንን ያገኘችው ቢሮው ውስጥ ነው። ከጠረጴዛው ተነሥቶ ወንበር ሳበላት፤ አልተቀመጠችም።

«እኔ እንኳ አልነበርኩም» አላት በሐዘን ድምፅ። «ከአሥር እስከ አሥራ አንድ ተኩል መኪናዬ ውስጥ ስልክ ይዤ ነበር። የፌቨንን ጉዳይ ለአየር መንገዱ የካሳ ክፍል እያስረዳሁ። ሴትዮዋ ደጋግማ በረዶ ነው አለችኝ። ምን ላድርግ?»

«እዚያው ከተማ ያለው ቢሯቸው?»

«አዎ፣ ሌላ የላቸውም።»

«ስልክዎን ሊያሳዩኝ ይችላሉ?»

«መዝገቡን አጥፍቼዋለሁ፤ ልማዴ ነው።»

ኤርጎጌ ወደ ጀርባው በር አለፈችና የደረጃው አናት ላይ ቆመች። ሁለት ሰው ብቻ የሚያስቆም ጠባብ ቦታ ነው። «ከለገሠ ጋር እዚህ ትነጋገሩ ነበር?»

«ደንበኛ እንዳይሰማን ስንፈልግ፣ አዎ።»

ማክሰኞ ጠዋት የአለምወርቅ፣ ፌቨን፣ አቢሶና ሠረቀብርሃን ቢሮው ውስጥ ተሰበሰቡ። አንድ የፖሊስ መርማሪ በሩ አጠገብ ቆሟል። ኤርጎጌ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሰች ጀመረች።

«ለገሠ የማንበቢያ መነጽሩን እንዳደረገ ነው የወደቀው። ስለዚህ ደረጃው አናት ላይ ቆሞ እያነበበ ነበር። ወረቀቱ ግን አልተገኘም፤ ስለዚህ የወሰደው ሰው አለ። ማን ነው? ለገሠ ደንበኛን ያስቀምጣል፤ አቢሶን እየጮኸበት እንኳ አስቀምጦ ሻይ ሰጥቶታል። እዚያ ጠባብ ቦታ የሚያነጋግረው ሸሪኩን ብቻ ነው።»

«እኔ ስልክ ላይ ነበርኩ ብያለሁ» አለ ሠረቀብርሃን።

«ብለዋል። ዓርብ ዕለት ግን ያቺ ከተማ በዓል ላይ ነበረች። የፌቨን እህት ጭፈራውን በቪዲዮ አሳይታታለች። ትናንት አየር መንገዱ ቢሮ ደውዬ ጠየቅሁ፤ ዓርብ አንድም ሰው አልገባም። በረዶ ነው ያለችዎት ሴትዮ የለችም።»

ሠረቀብርሃን ወደ በሩ ዞር ብሎ መርማሪውን አየ።

«ፌቨን ለጻፈችው ደብዳቤ መልሱ ትናንት ማታ መጣ። ይኸው ደብዳቤ ሐሙስ ለለገሠ ተልኮለት ነበር፤ ሳይነግርዎት ራሱ ጠይቋቸዋል። በረራው የዘገየው በበረዶ አይደለም፤ አብራሪ አልነበረም። ጥፋቱን መጋቢት ላይ አምነው የሁለቱንም ካሳ እርስዎ በሰጧቸው ሒሳብ አስገብተዋል። ለገሠ ዓርብ ያነበበልዎት ይህንን ነው።»

ሠረቀብርሃን ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ለሰኞ እጠራቸዋለሁ አለኝ። በፊታቸው እንድናገር። ወረቀቱን ልነጥቀው ስል... ገፋሁት። እንደዚያ እንዲወድቅ አላሰብኩም።»

«ወድቆ ስታየው ወርደህ አነሣኸው?» አለች የአለምወርቅ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

የፖሊስ መርማሪው ክንዱን ይዞ አወጣው።

ፌቨን ደብዳቤውን ስታነብ ቆየች። «አምስት ወር ሙሉ የእግዜር በረዶ ነው ስል ነበር» አለች በመጨረሻ። «ማንንም ሳልቀየም። አሁን ምን ልበል?»

ኤርጎጌ ከመጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።

አቢሶ ባርኔጣውን አንሥቶ ሊወጣ ሲል የአለምወርቅ እጅጌውን ያዘችው።

«ለቅሶ ቤት ትመጣለህ።»

«እትዬ፣ ሰዎቹ...»

«ከእኔ ጎን ነው የምትቀመጠው» አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ቀድማው ወጣች።